የባየሽ ሰሃንና የሚያጓራው ኮምፒዩተር

በ2005 ዓ.ም. ጥር ሲገባ፣ አምቦ ሙሽራ በሙሽራ በሆነችበት ሰሞን፣ የኦቦ ዱጋሳ የሰርግ አዳራሽ ኮምፒዩተር ማጓራት ጀመረ።

መጀመሪያ እንደ ንብ ነበር። በማግስቱ እንደ ወፍጮ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላው በመንገዱ የሚያልፉ የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን እየቀሰሩ ወደ ቢሮው መስኮት ይመለከቱ ጀመር። ሳጥኑም ከመጋሉ የተነሳ፣ የቢሮዋ ድመት ወንበር ሥር ያለ መኝታዋን ትታ እላዩ ላይ ወጥታ ተኛች። መብራት በጠፋ ቁጥር አምቦ ሁሉ ሲያማርር "ጌታ ይመስገን" የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ባየሽ ናት፤ የአዳራሹ መዝጋቢ።

ዘበኛው ኦቦ ዋቅቶላ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

"ባየሽ፣ ይኼ ነገር ሆዱ ተነፍቷል። አምቦ ውሃ ስጪውና ያግሳ።"

"እርስዎ ይጠጡለት። ከምሳ በኋላ እንደሆነ ድምፃችሁ አንድ ነው።"

ኦቦ ዋቅቶላ እየሳቁ ሄዱ። ባየሽ ግን መልሱን ሰጠች እንጂ አልሳቀችም። ከፊቷ የየካቲትን ቅዳሜዎች ሊጠይቅ የመጣ የሙሽራ ቤተሰብ ተደርድሮ ተቀምጧል። ማውሱን ትጫናለች፤ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። እንደገና ትጫናለች፤ እንደገና ትዞራለች። የሙሽራው አጎት ባርኔጣቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እህቴ፣ ሙሽሪት እስክታረጅ ነው እንዴ?"

"አሁን ይከፍታል አባቴ። አሁን።"

አልከፈተም። ቤተሰቡ ተነስቶ ሌላ አዳራሽ ፍለጋ ወጣ። በሩ ላይ ከኦቦ ዱጋሳ ጋር ተገናኙ፤ ምን እንዳሏቸው እንጃ፣ ብቻ ኦቦ ዱጋሳ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ።

ኦቦ ዱጋሳ አዳራሽ ከመሥራታቸው በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ስለዚህ ነገር ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ወይ ሞተር ነው ወይ መንገድ ነው። ድመቷን አንስተው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠጉ።

"ሞተር ዝም ብሎ አይጮኽም ባየሽ" አሉ። "ክፉ የነዳው ሰው ሲኖር ነው።"

"እኔ ምንም አላደረግሁትም ኦቦ ዱጋሳ።"

"እኔ እንጃ። ቅዳሜ የሌታ ሰርግ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን እንደያዘ፣ ማን እንዳልያዘ ማወቅ አልቻልንም። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ሐሙስ ይኼ ነገር ዝም ካላለ፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው አስቀምጥበታለሁ። አንቺ ወደ ቁልፎችሽ ትመለሻለሽ።"

ይህን የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ባየሽን ያስፈራትም እሱ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ሲቆጡ ይረሱታል። ረጋ ብለው የተናገሩትን ግን ያደርጉታል።

ወንበሩ ለባየሽ እንዲሁ ወንበር አልነበረም። ከወንጪ ማዶ ካለ መንደር ተድራ አምቦ ስትገባ ፊደል የሚባል አታውቅም። ባሏ አናጢ ነበር፤ የዚህን አዳራሽ በሮች የሠራው እሱ ነው። ሲያርፍ ኦቦ ዱጋሳ "በሮቹን የሚወድ ሰው ይጥረግላቸው" ብለው መጥረጊያውን ለእሷ ሰጧት። ከመጥረጊያ ወደ ቁልፍ ከፍ አለች። ሽበት ጣል ጣል ካደረገባት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤዋ የማታ ትምህርት ገብታ፣ ልጆቿ ከሚሆኑት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያው ቃል ባሏ ከኋለኛው በር በላይ እንጨቱ ላይ የቀረጸው ነው። ስንት ዓመት ከሥሩ ስትጠርግ ስሟን የጻፈላት ይመስላት ነበር። ቀና ብላ ፊደል በፊደል ብታነበው "መውጫ" ይላል። እዚያው መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች፤ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ጠረገች።

ኮምፒዩተሩ የመጣ ጊዜ ኦቦ ዱጋሳ የተማረ ሰው ሊቀጥሩ አስበው ነበር። "እስከ ፋሲካ ስጡኝ" አለቻቸው። የኮምፒዩተር አስተማሪው ቀንዓ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በብስክሌቱ እየመጣ አስተማራት። በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፤ ግን ፋሲካ ሳይደርስ ወንበሩ የእሷ ሆነ። ያን ወንበር ነው ሐሙስ የምታጣው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ የዙልፋ ሱቅ አለ። የዙልፋ ቤተሰቦች ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ታከራያለች። አዳራሽ የያዘ ሰው ወንበር ይፈልጋልና፣ ከባየሽ የወጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዙልፋ ይገባል። ሁለቱ ሴቶች የተዋደዱት ግን በዚህ አይደለም፤ በሰሃን ነው።

ድሮ አንድ የበዓል ቀን፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት የብረት ሰሃን ቴምር ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሰሃን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዞ ተመለሰ። ጭኮ ይዞ የሄደ ሰሃን በተራው ባዶውን አይመለስም፤ ዳቦ ይዞ መጣ። ሥጋው በየቤቱ ይቀራል እንጂ ቆሎው፣ ሙዙ፣ ድፎው በዚያ ሰሃን ላይ ስንት ዓመት ሲመላለስ ኖሯል። አንድ ቀን መድና፣ የዙልፋ ልጅ፣ "እማዬ፣ ይህ ሰሃን የኛ ነው ወይስ የእነሱ?" ብላ ብትጠይቅ፣ ዙልፋ አስባ አስባ "የመንገዱ ነው" አለቻት።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ቀንዓ አንድ ፕሮግራም አመጣ። በኛው ወር የሚቆጥር የቀን መቁጠሪያ ነው። ባየሽ የአዳራሹን ቀኖች በራሷ ኮምፒዩተር ትጽፋለች፤ ዙልፋ ወንበርና ድንኳኗ የት እንደሚሄድ በራሷ ትጽፋለች። ኢንተርኔቱ የአንዷን ለሌላዋ ያሳያታል። በዚያ ላይ እንጭኒ ያሉት መዘምራን በየትኛው ቀን ባዶ እንደሆኑ፣ ወንጪ ያለው ጂራም የሙሽራ ፈረሶቹን ለማን እንደሰጠ ከሩቅ ይመጣል። ባየሽ ይህን ሁሉ በአንድ ስክሪን ላይ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ጂራ ወንጪ ሆኖ የጻፈውን እኔ እዚህ?"

"እዚያው ሆኖ" አለ ቀንዓ። "ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ ሄዶ አዲሱን ያመጣል። አሁን ይቺን ትንሽ ሳጥን አዩዋት? 'የመጣውን ወደ ራሴ መዝግብ' የምትለዋን? እሷን አይንኳት። የዙልፋ በዙልፋ ይቀመጥ፤ እርስዎ ማየት ብቻ ነው።"

"እሺ ልጄ።"

ለዙልፋም ይህንኑ ነገራት። እሷም "እሺ" አለች።

ባየሽ አልነካቻትም። እስከ ማግስቱ ድረስ። በማግስቱ ግን የዙልፋ ድንኳኖች፣ የዙልፋ ወንበሮች አንድ በአንድ ሲመጡላት፣ እሷ ደግሞ እያየች ስታልፋቸው፣ ነገሩ ከነከናት። ሰው የእጁን ልኮልሽ ደጅ ላይ አስቁመሽ ታዪዋለሽ? ተቀብለሽ ታስገቢዋለሽ እንጂ። ያቺን ትንሽ ሳጥን ጫን አደረገቻት፤ የራይት ምልክት ወጣባት። እዚያው አጠገብ "በቀን አንዴ" የሚለውን አየች። የመንገድ ማዶ ጎረቤትን በቀን አንዴ ብቻ ሰላም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? "በየደቂቃው" የሚል አገኘችና እሱን አደረገችው። ደስ ብሏት ቆልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም፤ እሷም ረሳችው።

ማክሰኞ ቀንዓ መጣ። ብስክሌቱን ለኦቦ ዋቅቶላ ሰጥቶ ገባ።

"አዴ ባየሽ፣ አካም ጂርቱ?"

"እኔ ደህና ነኝ። እሱን ጠይቀው" አለችው በአገጯ ወደ ኮምፒዩተሩ እያሳየች።

ቀንዓ ሳጥኑን ፈታው። የሥዕል ብሩሽ ከኪሱ አውጥቶ ማራገቢያውን ጠረገ። አቧራ፣ ከአቧራውም ጋር ቡናማ ፀጉር ወጣ።

"ድመቷ ግማሽ አካሏን እዚህ ውስጥ አስቀምጣለች።"

"እንዲህ ከሆነማ እሷን ነው የምናባርረው" አለች ባየሽ፣ ተስፋዋ ለምልሞ።

ቢገጥመውና ቢያስነሳው ግን ያው ነው፤ አጓራ። ቫይረስ ፈለገ፤ የለም። ከዚያ አንድ መስኮት ከፈተ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የትኛው ፕሮግራም ስንት ጉልበት እንደሚወስድ የሚያሳይ ነው። ቀንዓ ዝርዝሩን በጣቱ ተከትሎ አነበበ።

"ይኼውልዎ አዴ ባየሽ። ፕሮሰሰር የሚባለው፣ የዚህ ማሽን አንጎሉ ይበሉት፣ መቶ ከመቶ ሥራ ላይ ነው። ለማሰቢያ የተረፈው ቦታ የለም። የሚያሠራው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነው።"

"ቀን መቁጠር ይህን ያህል ያደክማል?"

"እኔም እሱ ነው የገረመኝ።"

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። ጥቂት ጠበቁ። ጩኸቱ ከወፍጮ ወደ ንብ ወረደ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ቢሮው ጭር ሲል ድመቷ ቀና ብላ አየች። ኦቦ ዋቅቶላ በመስኮት በኩል "ሞተ እንዴ?" አሉ።

"ጌታ ይባርክህ! በቃ፣ እንዲሁ ነቅለህ ተወው" አለች ባየሽ።

"ነቅዬ ከተውኩት የዙልፋን ወንበሮች በምን ያያሉ? የጂራንስ ፈረሶች? የሚያስጮኸው ከሩቅ የሚመጣ ነገር መሆኑን አወቅን፤ የትኛው እንደሆነ ነው የቀረን።"

ገመዱን መለሰ፤ ጩኸቱም ተመለሰ። ቀንዓ ከሩቅ የሚመጡትን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። የጂራን አጠፋ፤ ጩኸቱ እንዳለ ነው። "ፈረሶቹ ንጹህ ናቸው" አለ። የእንጭኒን መዘምራን አጠፋ፤ እንዳለ ነው። "መዘምራኑም አይደሉም፤ ይገርማል፣ ድምፅ የእነሱ ሥራ ነበር።" ከዚያ የዙልፋን አጠፋ።

ጸጥ አለ።

ባየሽ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። "ዙልፋ? ዙልፋማ ምን አደረገች? ዙልፋ ሰው አታስጮህም።"

ቀንዓ የቅዳሜውን ቀን ከፈተ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ። "የሌታና የልዩ ሰርግ" ይላል። ከሥሩም "የሌታና የልዩ ሰርግ" ይላል። ከሥሩም እንዲሁ። ወደ ታች ቢያወርድ፣ ቢያወርድ፣ ሌታ ልዩን ያገባል፤ ደግሞ ያገባል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ቆጥሮ ያልጨረሰው ጋብቻ ነው።

"ማሎ!" አለች ባየሽ አፏን ይዛ። "ይህ ልጅ ስንቴ ነው የሚያገባት?"

"አንድ ሚስት መሆኗ ነው ደጉ" አለ ቀንዓ። ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠ፤ ትንሿን ሳጥን አያት። "አዴ ባየሽ። ይቺን አይንኳት ብዬ አልነበረም?"

"ነካኋት እንዴ?"

"ራይት አለባት።"

"ነካ አደረግኋት እንጂ አልነካኋትም።"

ቀንዓ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ እሷ መለሰ። ባየሽም መሬት መሬት አየች። ከዚያ ተናገረች፤ ደጅ ላይ ቆመው የቀሩትን ወንበሮች፣ በቀን አንዴ ሰላም የሚለውን ጎረቤት፣ ሁሉንም። ቀንዓ አልተቆጣም። አንገቱን እያከከ አሰበ።

"እሺ፤ የዙልፋን ወደ ራስዎ ጻፉት። ይህ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ ሦስት ወርም ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ማዶ ግን ሌላ እጅ አለ። ዙልፋም የእርስዎን ወደ ራሷ እየጻፈች ነው። አሁን ያስቡት። እርስዎ 'የሌታ ሰርግ' ብለው ጻፉ። ዙልፋ ተቀብላ ጻፈችው። የእርስዎ ማሽን ሄዶ ሲያይ፣ 'ዙልፋ ዘንድ አዲስ ሰርግ አለ' ብሎ አመጣው፤ ሁለት ሆነ። የዙልፋ ደግሞ ሁለቱን ወሰደ። ያንን ደግሞ የእርስዎ ወሰደ። በየደቂቃው! ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው 'አካም? ነጋ? ፈያ?' ሲባባሉ አይተው የለ? አንዱ ካላቆመ ይመሻል። እነዚህ አያቆሙም፤ የሚያቆማቸው ሰው የለማ።"

ባየሽ ተሸማቀቀች፤ ግን ከመሸማቀቋ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ዙልፋ መልሳላታለች። አይታው ኖሯል፤ ዝም አላለችም፤ መልሳላታለች። ጉንጯ ሞቀ።

"የእርስዎን ራይት ላጥፋው፤ በዚሁ ያልቃል" አለ ቀንዓ፣ ማውሱን እየያዘ።

ባየሽ እጁን ያዘችው። "ቆይ!"

"ምን ልቆይ?"

"እሷ ገና አሁን መመለስ ስትጀምር፣ እኔ ደጄን ልዝጋባት? ምን ትለኛለች? ሰሃኗን ባዶ መለሰችልኝ አትልም?"

"አዴ ባየሽ፣ ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። ወንበርዎ ነው የሚበልጥብዎ ወይስ ሰሃኑ?"

ባየሽ እጁን ለቀቀች። ተነስታ ነጠላዋን አነሳች።

"ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ። ሰው 'በቃኝ' የሚባለው በአፍ ነው እንጂ በማሽን አይደለም።"

"ይሄዳሉ? ያውና፣ መንገዱን መሻገር ነው።"

"ወዴት መሻገር! መጀመሪያ ቤቴ ሄጄ ሰሃኑን ላምጣ። ለገና የላከችልኝ ቴምር አልቆ እቤት ተቀምጧል። ባዶ እጄን ገብቼ 'የምመልሰውን ላቆም ነው' ልበላት?"

ቀንዓ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ባየሽ እስክትመለስ ኦቦ ዋቅቶላ ብስክሌቱን ሲሞክሩ አጥሩን ገጩ።

ሰሃኑ ጭኮ ተሞልቶ፣ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኖ መንገዱን ተሻገረ። ዙልፋ ሱቅ በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። ከውስጥ፣ ተነባብረው ከተቀመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባ፣ ወፍጮ ይሰማል። ዙልፋ ጠረጴዛዋ ላይ ቬንትሌተር አቁማ ኮምፒዩተሯን ታናፍሳለች። ሲገቡ አይታ ደንግጣ ተነሳች፤ መሸፈን የፈለገችው ነገር እንዳላት ሰው በኮምፒዩተሩ ፊት ቆመች።

"ባዩ! ግቢ፣ ግቢ። ይኼ ነገር ትንሽ ሞቆት ነው።"

"የኔም ሞቆታል ዙልፋዬ።"

"ወላሂ?" ዙልፋ ድምጿን ቀነሰች። "እኔ እኮ የኔ ብቻ መስሎኝ ነው። አሁን ልነግርሽ፣ አሁን ልነግርሽ ስል፣ 'ገና መመለስ ከመጀመሯ አማረረች' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።" ወደ ቀንዓ ዞረች። "አትቆጣኝ አንተ። ገና ዕለት ቴምሩን ልኬ ስመለስ ይህን ከፈትሁት። የኔ ድንኳን፣ የኔ ድስት፣ ሁሉ በእሷ መዝገብ ላይ በክብር ተቀምጧል። እኔስ? የእሷን እያየሁ ማለፍ! አፈርኩ። ነካኋት ያቺን ነገር።"

"በየደቂቃው?" አለ ቀንዓ።

"ታዲያ በስንት ጊዜ ሊሆን ነው?"

ቀንዓ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "ከሁለት አንዳችሁ ታቁሙ። አንዳችሁ ብቻ።"

"እኔ አቆማለሁ" አለች ባየሽ።

"አንቺማ አይሆንም!" አለች ዙልፋ። "ሦስት ወር ሙሉ ተቀብለሽኝ፣ እኔ ወር ሳልሞላ ልትከለክዪኝ? እኔ አቆማለሁ።"

"አንቺ ካቆምሽ እኔ ብቻዬን ልቀበል? ምኔ ነው ይህ? እኔ ነኝ የምተው።"

"አይሆንም አልኩ።"

"ይሆናል እንጂ!"

መድና ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻቸውና "ተጣሉ?" ብላ ቀንዓን ጠየቀችው።

"የለም፣ እየተከባበሩ ነው" አለ ቀንዓ። "ከጥል ይብሳል።"

ባየሽ በመጨረሻ ደከማት። ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ዙልፋዬ፣ ስሚኝ። ኦቦ ዱጋሳ ሐሙስ ይመጣሉ። ዝም ካላለ ከወንበሩ ያነሱኛል። ዲፕሎማ ያለው ሰው ሊያስቀምጡ ነው።"

ዙልፋ ወደ ሰሃኑ የዘረጋችውን እጇን መለሰች።

"ይህን ቀድመሽ አትናገሪም? ጭኮውን አስቀድመሽ ወሬውን ከኋላ ታመጫለሽ?"

ዞራ ማውሱን ያዘችና ራይቱን አጠፋችው። ማሽኑ ቀስ እያለ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባየሽ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቀንዓ አውቋታል።

"አንዱ ይበቃል አዴ ባየሽ!"

"እሷ አጥፍታ እኔ ልተወው?"

መንገዱን ተመልሰው ተሻግረው የእሷም ጠፋ። ረቡዕ ቀንዓ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጥቶ፣ የሌታን ሰርግ ሲሰርዝ፣ ሲሰርዝ ዋለ። "በየደቂቃው" የሚለውንም ወደ "በቀን አንዴ" መለሰው። ባየሽ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ አንድ ሙሽራ ብቻ ይዞ ሲቀር ታይ ነበር። አንዴ ብቻ "ጠዋት ማታ ቢሆንስ?" አለች። ቀንዓ ቀና ብሎ ሲያያት ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ዱጋሳ ገቡ። ሰላምታ ሳይሰጡ በቀጥታ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠጉ። ቢሰሙ፣ ምንም የለም። እጃቸውን ጫኑበት፤ ቀዝቅዟል፤ ድመቷም ወደ ወንበሩ ሥር ተመልሳለች። ባየሽ ከወንበሩ ተነስታ ቆማ ነበር፤ እንዳትቀማው ይሁን እንድታስረክበው ራሷም አላወቀችውም። ቀንዓ በሩ ጋ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ዙልፋ ሰሃኑን በጨርቅ ሸፍና ገባች፤ ሰሃኑ ባዶውን ማደር አልቻለማ።

"ተስተካከለ?" አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

"ተስተካከለ" አለ ቀንዓ።

"ጥሩ። አቧራ ነበር?"

ቀንዓ ባየሽን አየ። "አቧራም ነበር" ሊል ሲጀምር ባየሽ አቋረጠችው። ኦቦ ዱጋሳ በሮቹን የሚወድ ሰው ብለው የሾሟት ናቸው፤ በአቧራ ልታልፋቸው አልፈለገችም።

"አቧራ አይደለም ኦቦ ዱጋሳ። ሰኞ ዕለት 'ክፉ የነዳው ሰው አለ' ብለው ነበር። እኔ ነኝ። አትንኪ የተባልኩትን ነክቼ ነው።"

"ውሸቷን ነው!" አለች ዙልፋ ወደ ፊት እየመጣች። "እኔ ነኝ። እሷ ነክታውማ ሦስት ወር ደህና ነበር። እኔ ስነካው ነው የጮኸው፤ ይጠይቁት።"

"አንቺ ምን አገባሽ? የጀመርኩት እኔ!"

"ያባባስኩት እኔ!"

"እኔ!"

"እኔ ነኝ እንጂ!"

"ይኸው" አለ ቀንዓ ግንባሩን ይዞ፣ "እንደገና ተጀመረ።"

ኦቦ ዱጋሳ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሆዳቸው። ከዚያ ሳቁ ቢሮውን ሞላው፤ ኦቦ ዋቅቶላ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ አጓራ ብለው እየሮጡ መጡ።

"በሹፌርነት ዘመኔ" አሉ ኦቦ ዱጋሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "መኪና ሲጋጭ ያላየሁት ቦታ የለም። ከእንጭኒ እስከ ካቺሲ። ሁለት ሹፌር ወርዶ 'እሱ ነው፣ እሱ ነው' ሲባባል ነው የማውቀው። 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' ሲባባል ዛሬ አየሁ።" ወንበሩን በእግራቸው ወደ ባየሽ ገፋ አደረጉላት። "ተቀመጪ። ዲፕሎማ ያለው ሰው አምጥቼ ደግሞ 'እኔ አይደለሁም' ሲለኝ ልዋል? የቅዳሜውን አሳዪኝ።"

ባየሽ ተቀመጠች። በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ያቺ ክብ ነገር ለመዞር እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ቅዳሜ ከፈት አለ። የሌታና የልዩ ሰርግ። አንድ ብቻ።

"እሰይ" አሉ ኦቦ ዱጋሳ። ደስ ሲላቸው የሚርባቸው ሰው ናቸውና፣ እጃቸው ሳያስቡት በዙልፋ ሰሃን ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጠ። ትኩስ ዳቦ ነው። ቆርሰው ጎረሱ፤ ጣማቸው፤ ደግመው ቆረሱ።

ባየሽና ዙልፋ ተያዩ።

"እንግዲህ ኦቦ ዱጋሳ" አለች ባየሽ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ "እርስዎም ገቡበት። ሰሃኑን ባዶውን እንዳይመልሱት።"

ኦቦ ዱጋሳ ማኘካቸውን አቆሙ።